ዘኬዎስ መዝገብ ነበረው

ቀራጩን ዘኬዎስን አብዛኞቻችን የምናውቀው በቁመቱ ማጠርና በወጣበት ሾላ ነው። እኔ ኑሮዬ ከቁጥር ጋር ስለሆነ ይመስለኛል፣ ልቤ የሚቀረው ሌላ ቦታ ነው፤ የበደልኩት ሰው ካለ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለበት ላይ። አራት እጥፍ ለመመለስ እኮ ከማን፣ መቼ፣ ስንት እንደወሰዱ ማወቅ ያስፈልጋል። ሰውየው መዝገብ ነበረው ማለት ነው። መዝገብ የሌለው ቀራጭ ሊያለቅስ ይችላል፤ ሊክስ ግን አይችልም። ለማን ይክሳል?

ይህን የማነሳው ስብከት አምሮኝ አይደለም። ቀን ቀን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አንድ ሆቴል ሒሳብ ክፍል ነው የምሠራው። ማታ ማታና ቅዳሜ የወገን ታክስ ልሥራ ብዬ ስነሳ፣ ከሁሉ በፊት የመጣብኝ ጥያቄ የትኛውን ሶፍትዌር ልግዛ የሚል ነበር። ላዩን ሲያዩት የዋጋ ጥያቄ ነው። ውስጡ ሲገቡ ግን ለንስሐ አባት የሚነገር ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

ምክንያቱም በሩ ሰፊ ነው። ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ ውስጥ ታክስ በክፍያ የሚሠራ ሰው ፈተና ወስዶ መመዝገብ አለበት። ቨርጂኒያ እንዲህ ያለ ፈተና የለባትም። ከፌዴራል መንግሥት የሚጠበቅብዎት ፒቲን የተባለውን መለያ ቁጥር ከ20 ዶላር ባነሰ ክፍያ ኢንተርኔት ላይ ማውጣት ነው። ታክሱን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለመላክ ደግሞ ኢፊን የተባለ ሌላ ቁጥር ያስፈልጋል፤ አሻራ ይሰጣሉ፣ ታሪክዎ ይጣራል፣ እስከ 45 ቀን ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በኋላ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ስለዚህ የብዙ ጀማሪ አስተማሪም ተቆጣጣሪም ያ የገዛው ፕሮግራም ነው። ምን እንደሚጠይቅ፣ ምን እንደሚያልፍ የሚወስነው እሱ ነው።

ገበያውን ቶሎ ልለፈው። ለቤት የሚሸጠውን ፕሮግራም ገዝቶ የሰው ታክስ በክፍያ መሥራት የአጠቃቀም ውሉ ስለማይፈቅድ እሱን እንተወው። ለባለሙያ ከሚሸጡት ውስጥ ሌሰርትና አልትራታክስ ለትልቅ ቢሮ የሚመቹ፣ ዋጋቸውም ከበድ ያለ ነው። ድሬክ፣ ፕሮሲሪስ፣ ታክስስሌየር ፕሮ ለእንደኔ ዓይነቷ የሚቀርቡ ናቸው። አንዳንዱ ዓመቱን ሙሉ ያልተገደበ ይሸጣል፤ አንዳንዱ በሠሩት ሪተርን (የታክስ ማስታወቂያ) ልክ ያስከፍላል። እዚህ ድረስ ካልኩሌተር ይበቃል።

ካልኩሌተር የማይበቃው አንድ ሻጭ ስልክ ላይ «ለአንቺ በነፃ» ሲለኝ ነው። የኩባንያውን ስም አልጠራም፤ ሰውየው ትሁት ነበር፣ ያቀረበልኝም ሕጋዊ ነገር ነው። ነፃ የሚሆነው ደንበኞቼ ክፍያዬን ከሪፈንዳቸው (ከሚመለስላቸው ታክስ) ላይ እንዲከፍሉ ካደረግሁ ነው። አሠራሩን ላስረዳ፤ ብዙ ሰው ምን እንደከፈለ ሳያውቅ የሚከፍለው እዚህ ጋ ነውና። የደንበኛዋ ሪፈንድ ከአይአርኤስ (ከፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት) በቀጥታ ወደ ራሷ ባንክ አይሄድም። መጀመሪያ አንድ ሌላ ባንክ ለዚሁ ሲል ወደሚከፍተው ጊዜያዊ ሒሳብ ይገባል። ባንኩ የራሱን ያነሳል፤ ብዙ ጊዜ 40 ዶላር ገደማ ነው። የሶፍትዌሩ ኩባንያ የቴክኖሎጂ፣ የማስተላለፊያ እያለ ያነሳል። የእኔ ክፍያ ይነሳል። የተረፈው ለደንበኛዋ ይደርሳል። እኔም ብፈልግ በላዩ ላይ የራሴን ጭማሪ መጫን እንደምችል፣ ከሚሰበሰበውም ጥቂቱ ወቅቱ ሲያልፍ ተመልሶ እንደሚላክልኝ ነገረኝ። «ደንበኛዋ እኮ አይታወቃትም፤ ከኪሷ የሚወጣ ነገር የለም» አለ።

ከኪሷ የሚወጣ ነገር የለም! ሪፈንድ የመንግሥት ስጦታ የሚመስለን ብዙ ነን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዓመቱን ሙሉ ከደመወዟ ሲቀነስ የቆየ የራሷ ላብ ነው፤ ወይም ሕግ ለልጆቿ ብሎ የመደበላት ነው። ኪሷ ያልደረሰው መንገድ ላይ ስለጠበቅናት ነው።

የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝና «ልጄ፣ ሴትዮዋ አጠገብሽ ቆማ ብታይሽ ትወስጂው ነበር?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለብዙ ኃጢአት ይሠራል። ለዚህኛው ግን አይበቃም፣ ላከራክራቸውም ሞከርኩ። «አባ፣ አጠገቤ ተቀምጣ እያየችኝ ነው የምወስደው። የስምምነቱን ወረቀት በገዛ እጇ ትፈርማለች። እንግሊዝኛ ስለማታነብ ብቻ ነው የማታየው» አልኳቸው። አባም «እንግዲያ በምታነበው ጻፊላት» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ከዚህ ወዲህ የወንጌሉን ቀራጮች በሌላ ዐይን ማየት ጀመርኩ። በሮማውያን ዘመን ቀረጥ የመሰብሰብ መብት ለተጫራች ይሸጥ ነበር። አሸናፊው ለመንግሥት የተወሰነውን ያስገባል፤ ከዚያ በላይ የሰበሰበው የራሱ ነው። ስለዚህ ቀራጩ ሌባ የሚሆነው ክፉ ሆኖ ስለተወለደ ላይሆን ይችላል፤ እንጀራው የተቀመጠው ትርፉ ላይ ስለሆነ ነው። አሠራሩ ራሱ እጁን ይዞ ይመራዋል። መጥምቁ ዮሐንስ ሊጠመቁ የመጡትን ቀራጮች ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ከታዘዘው አብልጣችሁ አትውሰዱ ነው ያላቸው። ማቴዎስ ከመቅረጫው ተነስቶ ሄደ። ዘኬዎስ ግን ሥራውን ስለመተዉ የተጻፈ ነገር የለም። ሁሉም ሰው ማቴዎስ ሊሆን አይችልም። ታክስ የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል፣ ወገኖቼም የሚያዋሩት፣ በቋንቋቸው የሚያዳምጣቸው ሰው ይፈልጋሉ። ለምንቀረው ለእኛ ጥያቄው እንጀራችንን የት ላይ እናስቀምጠው የሚል ነው።

ለመሆኑ ፕሮግራሙ ውሸትን ያውቃል? አያውቅም። የነገሩትን ያምናል። አምና የኡበር ሹፌር የሆነ ወንድም መጣ። «እህቴ፣ እናቴን ዲፔንደንት (ጥገኛ) አድርጊልኝ። ጎንደር ናት፣ የምትበላው እኔ በምልክላት ነው» አለኝ። ፕሮግራሙ ይጠይቃል፦ ሴትዮዋ የአሜሪካ ዜጋ ናት፣ ወይስ እንደ ነዋሪ የምትቆጠር፣ ወይስ የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ? መልሱ አይደለችም ነው። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ የሚለው ላይ አዎ ብጫን ግን እስከ 500 ዶላር የሚደርስ ክሬዲት ይመጣለታል። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው የሪፈንድ ቁጥር ሽቅብ ይላል፣ ወንድሜም ይደሰታል። «አምና ሌላ ሰው ሠርቶልኛል» አለኝ፤ እውነቱን እንደሆነ አልተጠራጠርኩም።

ይህ ሰው ሌባ አይደለም። በኅሊናው ሚዛን እናቱ የእሱ ጥገኛ ናት፤ ሕጉ ሜክሲኮ ያለችን እናት በጥገኝነት ቆጥሮ ጎንደር ያለችውን የማይቆጥርበትን ምክንያት እኔም አጥጋቢ አድርጌ ላስረዳው አልችልም። ሕጉ ርቱዕ ካልሆነ ውሸቱ ርትዕ ይሆናል ወይ? ብዙ ደጋግ ሰዎች ይሆናል ብለው ያስባሉ፤ አፍ አውጥተው ባይሉትም። እኔ አይሆንም እላለሁ፣ ምክንያቴም አይአርኤስ አይደለም። ሰውየው ታች የሚፈርመው መሐላ ነው። በሐሰት ቢፈርም እንደሚያስጠይቀው ተጽፎበታል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማል ሲባል የሚንቀጠቀጠው ወንድሜ እዚህ ሳያነበው ይፈርማል። እናቱ ብትሰማ፣ በስሟ ልጇ በሐሰት እንደማለ ብታውቅ፣ የ500 ዶላሩን ጤፍ በሰላም ትበላለች? ይልቅ በእርግጥ የሚገባውን ፈለግንለት። የነዳቸውን ማይሎች መዝግቦ ይዞ ነበር፤ በ2024 ለእያንዳንዱ የሥራ ማይል 67 ሳንቲም መቀነስ ይፈቀድ ነበርና ከእናቱ የበለጠ ማይሉ ረዳው። ያለፈውን ዓመት ደግሞ በማረሚያ ቅጽ እንዲያስተካክል መከርኩት። አልመለሰልኝም፤ አስተካክሎ ይሆናል፣ አላስተካከለም ይሆናል።

ሕጉም ፕሮግራሙ የነገሩትን እንደሚያምን ገብቶታል። ለዚህ ነው 8867 የሚባል ቅጽ ያለው፦ ስለ ልጆች፣ ስለ ጥገኞች፣ ስለ ኮሌጅ ክሬዲት ደንበኛውን በትክክል ጠይቀሻል ወይ፣ ማስረጃውን አይተሻል ወይ እያለ የሚጠይቀው እኔን ነው። መዝገቡን ሦስት ዓመት ማቆየት አለብኝ፤ ባጎደልኩት ለእያንዳንዱ ከ600 ዶላር በላይ ልቀጣ እችላለሁ። ሶፍትዌር ስመርጥም አንዱ መመዘኛዬ ይህ ሆነ፦ ቅጹን ራሱ ሞልቶ የሚያሳልፈኝ ነው፣ ወይስ አስቁሞ የደንበኛውን መልስ በቃሉ እንድጽፍ ቦታ የሚሰጠኝ? የሚያስቸኩለውን ተውኩት።

በመጨረሻ የመረጥኩት በሪተርን ልክ የሚያስከፍለውን ነው። ዋጋውን ከራሴ እከፍላለሁ፤ በደንበኛው ላይ በስውር የሚጫን መስመር የለም፣ በባንክ በኩል የሚዞር ሪፈንድም የለም። ደረሰኙን በአማርኛ እጽፋለሁ፦ ለሥራዬ ይህን ያህል፣ ሌላ ምንም። ባለቤቴ አይቶ «ይህ ንግድ ነው ወይስ ጽዋ?» አለ። ተሳስቷል አልልም፤ ትርፉ ቀጭን ነው።

ከባዱን ተቃውሞ ግን ያመጣብኝ እሱ ሳይሆን አንዲት አረጋዊት ናቸው። የሚያሳድጓቸው የልጅ ልጆች አሉ፤ ጥር መጨረሻ ላይ እጃቸው ባዶ ነው። «ልጄ፣ ከሪፈንዱ ላይ ውሰጂ፣ አሁን የለኝም» አሉኝ። ያ ሪፈንዱ የሚዞርበት ባንክ እኮ ለእንዲህ ዓይነቷ እናት ነው የተፈጠረው፤ ቢያንስ ሻጩ እንደዚያ ይላል። ለድኻ የሚመች መንገድ መዝጋት ጽድቅ ነው ወይ? እዚህ ላይ ሁለት ልብ ሆኜ ነበር፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተረጋጋሁም። ያደረግሁት የሰፈር ባለሱቅ የሚያደርገውን ነው፦ ዱቤ። ሪፈንዳቸው በቀጥታ ወደ ሒሳባቸው ይገባል፣ ሲገባ ይከፍሉኛል። ኤሌክትሮኒክ ሪተርን አብዛኛውን ጊዜ በ21 ቀን ውስጥ ይከፈላል፤ ተመላሽ የሚሆን የልጆች ክሬዲት ያለበት ግን ከየካቲት አጋማሽ በፊት አይለቀቅም፣ እንጠብቃለን። የሚቀርም ዱቤ ይኖራል። እሱን የምጽፈው በራሴ ኪሳራ ዓምድ ነው እንጂ በሌላ ደንበኛ ላይ አላካፍለውም።

ለአንባቢ አንድ ነገር ልበል። ታክስዎ ተሠርቶ ከመላኩ በፊት 1040 የተባለውን ቅጽ ያስመጡና ሪፈንዱ የሚገባበትን የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይመልከቱ። የእርስዎ ቁጥር ካልሆነ የማን እንደሆነና በመንገድ ላይ ስንት እንደሚነሳ ይጠይቁ። የሠራልዎት ሰው በስሙና በፒቲን ቁጥሩ ካልፈረመ ወረቀትዎን ይዘው ይውጡ። ገቢዎ ዝቅ ያለ ከሆነ ደግሞ ቪታ በሚባለው በአይአርኤስ የሚደገፍ አገልግሎት በየቤተ መጻሕፍቱና በየማኅበረሰብ ማዕከሉ በነፃ ይሠራልዎታል፤ ወደ እኔም መምጣት አያስፈልግዎትም።