ዋናው የትኛው ነው?

ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱን የእንጨት ሰሌዳ እቀርጻለሁ። ቢጫው ይታተማል፤ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ሰማያዊው ይደረብበታል። ይህን መጠበቅ እወደዋለሁ። አረንጓዴው በየትኛውም ሰሌዳ ላይ የለም፤ ሁለቱ ወረቀቱ ላይ ሲገናኙ ነው የሚወለደው።

ታዲያ ሥዕሉ የት ነበር? ፕላቶ የሠዓሊን ሥራ ከእውነት ሦስተኛ ደረጃ ላይ አስቀምጦታል፤ የቅጂ ቅጂ ነው ብሎ። እጄ ይህን አይቀበልም። ጃፓናዊው ሠዓሊ ሆኩሳይ «ታላቁ ማዕበል»ን በ1831 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲያወጣ በነበረው የጃፓን አሠራር፣ ንድፉ በቼሪ እንጨት ላይ ተለጥፎ አብሮ ይቀረጻል፤ በመሮው ሥርም ያልቃል። ዛሬ በየሙዚየሙ ያለው ማዕበል ሁሉ ህትመት ነው፤ ግን የማን ቅጂ ይባላል? ሰሌዳው ላይ ያለው ምስል ግራ ቀኙ የተገለበጠ ነው፣ ቀለምም የለውም። ሥዕሉ የሚኖረው የመጨረሻው ቀለም ሲያርፍ ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይም ሙሉ ነው። ስለዚህ በህትመቶቼ ግርጌ ተራ ቁጥር ስጽፍ የመጀመሪያውን ከመጨረሻው አላስበልጥም።