ስለ መስጠትና ስለ መከልከል

ወንድሞች ሆይ! በየካ ሾላ ገበያ ሱቅ የያዘ ነጋዴ ዘመዱ ዋስ እንዲሆነው፣ ጎረቤቱም ዱቤ እንዲሰጠው ሲለምነው «እምቢ» ማለትን እንደ ነውር ይቈጥረዋል። ነገር ግን በመሳቢያው ካለው ገንዘብ ውስጥ የልጆቹ ቀለብ፣ ላመጣው ዕቃ የሚከፍለው ዕዳ፣ ምናልባትም የየቲም አደራ ይገኝበታል። ታዲያ ይህን አውጥቶ ቢሰጥ ቸርነቱ በማን ገንዘብ ነው?

ሶሐባው ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ በመካ ታሞ ሳለ ከሀብቱ ከሦስት ሁለቱን እጅ ሊመጸውት ፈለገ፤ ወራሹ አንዲት ልጁ ነበረች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከለከሉት፤ እኩሌታውንም ከለከሉት፤ ሲሶውን ፈቀዱለት፤ እርሱንም ብዙ ነው አሉት።

ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩ ሴቶች ሸክማቸውን የሚመጥኑት ገና ከዳገቱ አናት ሳሉ ነው። የእኛ ነጋዴ ግን አፍሮ «ነገ ብቅ በል» ይላል፤ ጠያቂውም ሥራውን ፈትቶ ሳምንት ይመላለሳል። ይህ ከእምቢታ ይከፋል። በአል-ኢስራእ ምዕራፍ (17፡28) የጌታውን ጸጋ እየጠበቀ የሚሰጠው ያጣ ሰው ለስላሳ ቃል እንዲናገር ታዝዟል። ለስላሳ ቃልም የሐሰት ተስፋ አይደለም፤ «ወንድሜ፣ ዋስ ልሆንህ አልችልም፤ ለዛሬ ለልጆችህ የሚሆን ዱቄት ግን ይዘህ ሂድ» ማለት ነው።