ፍቅር በባላንጦች መካከል

ትናንት ወዳጅ የነበሩ ዛሬ ባላንጣ ቢሆኑ በመካከላቸው የበቀለው ፍቅር ምን ይሁን? ለፍቅር መታመን ወገንን መክዳት ነውን?

የጎንደር ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ሁለት ጋብቻዎችን ያቀርባል። ራስ አሊና እናታቸው እቴጌ መነን የቋራውን ካሣ ኃይሉን ለማለዘብ ሲሉ የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ጋብቻው ልጓም እንዲሆን የታሰበ ነበር። ይሁን እንጂ ወዳጅነቱ ፈርሶ አማትና አማች ጦር ሲማዘዙ ተዋበች ከባሏ ጎን ቆመች። ካሣ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ድል የነሳው የሚስቱን አባት ነበር። በ1850 ዓ.ም. እርሷ ስታርፍ አፄ ቴዎድሮስ መሪር ኀዘን አዘኑ።

ሁለተኛይቱ ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ናት። አባቷ በ1847 ዓ.ም. በስሜን ደረስጌ ላይ ድል ሆነው ታሰሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ያገቧት ከዚያ በኋላ ነው፤ ትዳሩም ሳይሞቅ ቀረ።

ሁለቱም የባላንጣ ልጆች ናቸው። ታዲያ ልዩነቱ ከምን መጣ? ተዋበች የታሰበላትን ልጓምነት ጥላ በገዛ ፈቃዷ ወገኗን መረጠች። አባቷ በሰንሰለት ያለ ሴት ግን እሺ ብትልስ እሺታዋ የራሷ ነውን?

ደም የተቃቡ ወገኖች ሲታረቁ ልጅ ለልጅ ማጋባት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ዓላማው የተቀደሰ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ልጁን ሳይጠይቅ የእርቅ ገመድ ያደረጋት አባት፣ ጠቡ ዳግም ሲነሳ ከወደደችው ጋር ብትቆም «ከዳችኝ» ለማለት አፍ የለውም። ሽማግሌ ደም ያደርቃል፤ ፍቅርን ግን አያዝም።