ስለ ትንኝ ወቀሳና ምስጋና

ሊቃውንት ሴራቶፖጎኒዴ ብለው የሚጠሩት የትንኝ ወገን ቁመቱ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ዓይነቱም ከ5,000 ይበልጣል። ከእነዚህ የአንዳንዱ ሴቲቱ ደም ትመጥጣለች፤ በኢትዮጵያም የታወቀውን ፈረስ የሚገድል ደዌ ታስተላልፋለች። ስለዚህ ሰው ወገኑን ሁሉ ይረግማል።

ነገር ግን በጋናና በኮት ዲቯር ካካዎ በሚበቅልበት የዱር ጥላ ውስጥ ከዚያው ወገን የተወለደ ሌላ ትንኝ አለ። የካካዎ አበባ እጅግ ትንሽ ሆኖ ከግንዱ ላይ ይወጣል፤ ብናኙም የሚጣበቅ ስለ ሆነ ነፋስ አይወስደውም፤ ብናኝ ያልደረሰውም አበባ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይረግፋል። ብናኙን ከአበባ ወደ አበባ የሚያደርሰው በይበልጥ ይህ ትንኝ ነው። ቸኮላታ የሚበላ ሁሉ ባለ ዕዳው ነው።

«ትንኙ የራሱን ምግብ ፈለገ እንጂ ለሰው አላሰበም፤ ምን ምስጋና ይገባዋል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ደም የምትመጥጠውም እንቁላሏን ለማድረስ ነው እንጂ በፈረሱ ላይ ክፉ አላሰበችም። ሲወቅስ ሐሳብን ሳይመረምር፥ ሲያመሰግን ግን ሐሳብን የሚመረምር ሰው በሁለት ሚዛን መዘነ።

ምስጋናውስ በምን ይገለጣል? ትንኙ ቃል አይሰማም። ትሉ የሚያድገው በረጠበና በበሰበሰ ቅጠል፥ በካካዎም ቅርፊት ውስጥ ነው፤ ንጽሕናን የሚወድ ገበሬ (ንጽሕናስ መልካም ነበረ) ይህን ሁሉ ጠርጎ ሲያቃጥል የትንኙን ቤት ያፈርሳል። የታመመውን ፍሬ ያርቅ፤ ደዌው ይዛመታልና። ጤነኛውን ቅጠልና ቅርፊት ግን ከዛፉ ሥር ይተውለት።