ፎቶ ማንሣትና ክርስትና ማንሣት

የሌላውን ሰው መልክ በፎቶግራፍ የሚያነሣ ከዚያ ሰው የወሰደው ነገር አለን? ካለስ ዕዳው ምንድን ነው? ጥያቄው ለትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ የማይመጥን ከባድ ነገር ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ በእጅ ስልክ ያለ አሳብ የምናደርገው ነገር ምንነቱ ምን እንደ ሆነ ለማስተዋል፣ ሥራው በዝግታ ወደሚሠራበት ወደ ቀድሞው መንገድ፣ ማለትም በፊልም ወደሚነሣው ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ መመለስ ይጠቅማል። ይህ ጥበብ በልዩ ልዩ አገሮች እንደ ገና ወዳጅ አግኝቷል፤ ወላጆችና ልጆች በአንድነት በቤታቸው ሊማሩትም ይችላሉ። ለእኛ ለጅማ፣ ለአጋሮ፣ ለሊሙ ገነትና ለቦንጋ ሰዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለን፤ ፊልም በቡና ይታጠባልና።

ይህ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ፣ በሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ፕሮፌሰር ስኮት ዊሊያምስ ከተማሪዎቻቸው ጋር ቡና ፊልምን ሊያጥብ እንደሚችል አሳዩ፤ ውሁዱም «ካፌኖል» ተባለ። ዛሬ ከሚሠራባቸው አቀማመሞች አንዱ ለ1 ሊትር ውኃ 40 ግራም በውኃ የሚሟሟ ቡና (ነስካፌ የምንለውን ዓይነት)፣ 54 ግራም ሶዳ አሽና 16 ግራም ቪታሚን ሲ ነው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ጊዜውም 15 ደቂቃ ያህል ነው። ሥራውን የሚሠራው እንቅልፍ የሚከለክለን ካፌይን አይደለም፤ በቡናው ውስጥ ያሉ እንደ ካፌይክ አሲድ ያሉ ሌሎች ንጥረ ነገሮች ከቪታሚኑ ጋር ሆነው ብርሃን የነካውን የብር ጨው ወደ ጥቁር ብር ይለውጡታል። ለዚህ ሥራ ከአረቢካ ይልቅ ሮቡስታ ይመረጣል፤ ስለዚህ የእኛ ቡና ለሲኒ ይቆይ። የውሁዱም ሽታ ከጀበና ከሚወጣው መዓዛ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ቀጥሎ ምስሉን የሚያጸናው ሶዲየም ቲዮሰልፌት፣ በባለሙያዎች አጠራር «ሃይፖ»፣ መገዛት አለበት። የሚሠራባቸው ዕቃዎችም ወደ ማዕድ ቤት ፈጽሞ መመለስ የለባቸውም።

ፊልሙን ከካሜራው አውጥቶ፣ በመጠምጠሚያው ላይ ጠምጥሞ፣ ብርሃን ወደማያስገባው ማጠቢያ ዕቃ እስኪከቱት ድረስ ፍጹም ጨለማ ያስፈልጋል። በሥዕል የምናየው ቀይ መብራት ለማተሚያው ወረቀት እንጂ ለፊልሙ አይሆንም። ሌሊት መስኮት በሌለው ጓዳ ውስጥ፣ የበሩን ስንጥቅ በጋቢ ደፍኖ፣ አባት በእጁ ዳሰሳ ሲቸገር ልጁ በቀጫጭን ጣቶቹ ቀድሞት ሊጨርስ ይችላል። እንዲህ ያለው መበላለጥ ለቤተሰብ መልካም ነው። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶግራፍ ብቻ ይይዛል፤ ዋጋው ቀላል አይደለም፤ በየፎቶ ቤቱም ዛሬ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። በመሆኑም ልጁ ከማንሣቱ በፊት ያስባል፤ የሚነሣውንም ሰው ለማነጋገር ጊዜ ያገኛል።

በአገራችን ፎቶግራፍ ከጥንት ጀምሮ የቤተሰብ ሙያ ሆኖ ታይቷል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶርኮም ሙያውን ወረሱ፤ ቶርኮምም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነዋል። የነገሥታቱን ትተን የተራውን ሰው ብንመለከት ግን የፎቶ ቤቱ ሥርዓት የበለጠ ያስተምራል። ሰው ክት ልብሱን ለብሶ፣ ጠጕሩን አስተካክሎ፣ ራሱ ወዶ ይሄድ ነበር። ይከፍላል፤ በቀጠሮው ተመልሶ ፎቶውን ይቀበላል። የመልኩ ባለቤት እርሱ መሆኑን ማንም አይጠራጠርም ነበር። በብዙ ቤቶች ዛሬም ከአያት የቀረው ምስል ለመታወቂያ የተነሣ አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ ነው፤ ያም በልቅሶ ቀን እንዲጎላ ተደርጎ፣ በፍሬም ሆኖ ይቀመጣል። ያ አንድ ጉርድ ባይኖር ልጆቹ የአያታቸውን መልክ ከየት ያገኙት ነበር?

ዛሬ ግን ተነሺው ወደ አንሺው ከመሄድ ይልቅ አንሺው ወደ ተነሺው ይመጣል። በቡና ለቀማ ወራት በየማሳው እንግዶች ቅርጫት የያዙ ሴቶችንና ልጆቻቸውን አንሥተው ይሄዳሉ። ምስሉ ወዴት እንደሚደርስ፣ በምን ከረጢት ላይ እንደሚታተም ተነሺዋ አታውቅም። ይህ ጥያቄ የበጎ አድራጎት ተቋማትን፣ የቤተ ክርስቲያንንም ሥራዎች ይመለከታል፤ እርዳታ የሚቀበል ሕፃን ፊት በሪፖርት ላይ ሲወጣ ስሙን የሚጠይቅ ማነው?

እዚህ ላይ ቋንቋችን ይረዳናል። በአንዳንድ ቋንቋዎች ፎቶግራፍ «ይወሰዳል»፤ በእኛ ግን ይነሣል። ማንሣት መውሰድ ነው፤ የወደቀውን ከፍ ማድረግም ነው። በጥምቀትም ቀን የክርስትና አባት ወይም እናት ሕፃኑን «ክርስትና ያነሣሉ»። ክርስትና ያነሣ ሰው ድግሱ ሲያልቅ ነገሩን ጨረስሁ ብሎ አይሄድም፤ ልጁ ቢታመም ይጠይቃል፤ ወላጆቹ ቢሞቱ ሰው ሁሉ ወደ እርሱ ይመለከታል። የሰው መልክ ደግሞ ለእኛ ለክርስቲያኖች ተራ ነገር አይደለም፤ በእግዚአብሔር መልክና አምሳል ተፈጥሯል ብለን እናስተምራለንና። አበው መልክአ ማርያምንና መልክአ ኢየሱስን ሲደርሱ እያንዳንዱን የአካል ክፍል በሰላምታ ማወደሳቸው መልክን በምን ዓይን ያዩ እንደ ነበር ይነግረናል።

እርግጥ፣ ፈቃድ ለመጠየቅ ጊዜ የማይሰጥ መከራ አለ የሚል ይኖራል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ምስሎቹ ባይወጡ ኖሮ እርዳታው በዚያ መጠን አይመጣም ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ከእነዚያ ምስሎች አንዱ የካናዳ ቴሌቪዥን ባልደረቦች በትግራይ የቀረጹት፣ በሞት አፋፍ ላይ የነበረችው የሕፃን ብርሃን ወልዱ ፊት ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1985 በ«ላይቭ ኤይድ» ዝግጅት ዓለም አየው። ሕፃኒቱ ግን አልሞተችም። ጋዜጠኛው ብራያን ስቱዋርት ተመልሶ ቤተሰቧን አገኘ፤ በትምህርቷም ረዳት። እ.ኤ.አ. በ2005 በለንደን «ላይቭ ኤይት» መድረክ ላይ በስሟ ተጠርታ ቆመች። እኛ በዚህ ታሪክ ከምስሉ ዝና ይልቅ የጋዜጠኛውን መመለስ እናከብራለን። ስማቸው ሳይታወቅ የቀሩትስ ስንት ናቸው?

ለቤተሰብ የሚሆነው መመለስ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ የታተመውን ፎቶ ለተነሣው ሰው ማድረስ ብቻ ነው። የማተሚያ መሣሪያ የሌለው ቤተሰብ ፊልሙን በቤቱ አጥቦ፣ ኔጋቲቩን በፎቶ ቤት ስካን አስደርጎ ማሳተም ይችላል። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ለቀማው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ገደማ ይቆያል፤ ከሌላ ወረዳ የመጡ ለቃሚዎችም ሥራው ሲያልቅ ይበተናሉ። 36ቱ እስኪሞላ የሚጠብቅ ቤተሰብ ፎቶውን ይዞ ሲደርስ ባለቤቷ ሄዳ ይቆያታል። ስለዚህ ፊልሙን ሳይሞላም ቢሆን ማጠብ ይሻላል፤ የቀረው ባዶ ቢጣል ኪሳራው ትንሽ ነው። ከካሜራው ጋርም አንድ ደብተር ይኑር። ደብተሩን መጻፍ ለለመደው ለትንሹ ልጅ መስጠት ይቻላል፤ ቁጥር 1 ብሎ ስሟን፣ የምትመለስበትን ወረዳና ቀበሌ፣ ፎቶው በማን እጅ እንዲላክላት እንደምትፈልግ ጠይቆ ይጽፋል፤ ከዚያ ወደ ቁጥር 2 ይሄዳል።