ድርድር በአኀዝ ሲመረመር

ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት በ1795 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ዘላቂ ሰላም በጻፈው ድርሰት በመጀመሪያው አንቀጹ፣ ለወደፊት ጦርነት የሚሆን ሰበብ በስውር ተይዞ የሚፈረም ውል የሰላም ውል ሊባል እንደማይገባ ደንግጓል። የጦርነት ጊዜ ዲፕሎማሲን በመረጃ ስብስብ የሚያጠናው ዘርፍ፣ ማለትም ቃለ ጉባኤዎችን ወደ ኮምፒዩተር አስገብቶ ቃላትንና ርእሶችን እየቆጠረ ከውጊያው ውሎ ጋር የሚያነጻጽረው ምርምር፣ የሚፈተነው በዚሁ ነጥብ ላይ ነው፤ ስውር ሐሳብ በቃለ ጉባኤ አይሰፍርምና።

ለዚህ የኮሪያ ጦርነት ድርድር ጥሩ ማሳያ ነው። በጁላይ 1951 በኬሶንግ ተጀምሮ፣ በኋላም ወደ ፓንሙንጆም ተዛውሮ፣ በጁላይ 27 ቀን 1953 በተኩስ አቁም ስምምነት የተቋጨው ይህ ድርድር፣ ንግግሩ በየስብሰባው ስለተመዘገበ ለቆጠራ የተመቸ ነው። ሆኖም በኦገስት 10 ቀን 1951፣ የሚለያያቸው መስመር 38ኛው ኬክሮስ ይሁን አይሁን በሚለው ክርክር መካከል፣ የተባበሩት መንግሥታት ጦር ልዑካን መሪ አድሚራል ተርነር ጆይና የሰሜን ኮሪያው ጄኔራል ናም ኢል ከነልዑካኖቻቸው ጠረጴዛው ግራና ቀኝ ተፋጠው፣ ቃል ሳይለዋወጡ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ተቀመጡ። ቃል ለሚቆጥር ስሌት ይህ ባዶ ነው፤ በስፍራው ለነበሩት ግን ከብዙ ንግግር የከበደ መልስ ነበር። ባዶ ቁጥርም ቢሆን ትርጉሙ አንድ አይደለም፤ በምርኮኞች መዝገብ ላይ በዚሁ ጦርነት በተዋጋው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ አንጻር የሚሰፍረው ዜሮ፣ ከውጊያ መራቅን ሳይሆን አንድም ወታደር አለመማረኩን ይናገራል።

ድርድሩን ከአንድ ዓመት በላይ አስሮ የያዘውም የምርኮኞች ጉዳይ ነበር። የ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነት ውጊያ እንዳቆመ ምርኮኞች ሳይዘገዩ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ቢያዝም፣ የአሜሪካ መንግሥት መመለስ የማይፈልግ ሰው አይገደድም በማለቱ፣ የሕጉ ፊደልና የሰው ነጻ ፈቃድ ተጋጩ። ክርክሩ የላላው የሶቪየት ኅብረቱ መሪ ስታሊን በማርች 1953 ከሞተ በኋላ ሲሆን፣ ያ ሞት የደረሰው ከጠረጴዛው ርቆ ስለነበር፣ ቃለ ጉባኤን ብቻ የያዘ ስሌት የለውጡን ቀን ያመለክት እንደሆነ እንጂ ምክንያቱን አያስረዳም።

ይህ ሲባል ቆጠራው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ከአሜሪካ ጦር ሙትና ቁስለኛ ግማሽ የሚጠጋው የወደቀው ድርድሩ ከተጀመረ በኋላ መሆኑ ብቻ፣ የተነጋገረ ሁሉ ታረቀ የሚለውን የዋህ እምነት ለማፍረስ ይበቃል። ተደራዳሪ ጦሩን ሊያሳርፍ፣ ስንቅና መሣሪያ ሊያሟላ፣ ወይም ጠላቱን በዓለም ፊት ጥፋተኛ ሊያደርግ ሊቀመጥ ይችላል፤ አኀዝ የዚህን ሰው ልብ ባያነብም፣ ልቡ በአፉ ብቻ እንዳይመዘን ያደርጋል። የሚያሳስበው ተመራማሪው ለስሌቱ ሲል የወሰነው ወሰን እንደ እውነት ሲቆጠር ነው። በ1963 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው፣ አንድን ግጭት ጦርነት ለማለት ቢያንስ 1,000 የውጊያ ሟቾችን የሚጠይቀው ታዋቂ የጦርነቶች መዝገብ፣ የኮሪያን ጦርነት በ1953 ያበቃ አድርጎ አስፍሮታል፤ ሁለቱ ወገኖች ግን እስከ ዛሬ የሰላም ውል አልፈረሙም።