ከ999 በኋላ

በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ የሚገኝ አንድ ሐኪም ስለ ልጆች መጫወቻ ለመጻፍ ብዕር ሲያነሣ አንባቢ ቢገረም አልፈርድበትም። በስደት የምንኖር ሰዎች በምናሳትማቸው መጻሕፍት የለመድነው ስለ ሀገርና ስለ ታሪክ መሟገትን ነው። ይሁን እንጂ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ሲከነክነኝ የኖረ አንድ ጥያቄ አለኝ። መነሻውም በመዳፍ የምትያዝ፣ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረትና ከአጎራባቾቿ ውጭ የሚያስታውሳት እምብዛም የማይገኝ አንዲት የኤሌክትሮኒክስ ጨዋታ ናት። ጥያቄው ይህ ነው፦ ሰው በሐሰተኛ ተስፋ ደስ ብሎት ስናገኘው፣ እውነቱን የምናውቀው እኛ ምን ዕዳ አለብን?

እ.ኤ.አ. በ1987 በነፃ የትምህርት ዕድል ወደ ሶቪየት ኅብረት ስሄድ የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ነበርኩ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያውን ዓመት ቋንቋ ስማር ቆይቼ፣ በ1988 ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ በምትባለው በሌኒንግራድ ሕክምና ጀመርኩ። በምኖርበት የተማሪዎች ሕንፃ በር ላይ እየተፈራረቁ የሚጠብቁ አሮጊቶች ነበሩ፤ አንደኛዋ የአሥር ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። ልጁ ከእጁ የማትለይ አንዲት መጫወቻ ነበረችው፦ ኤሌክትሮኒካ ኢኤም-02። ዋጋዋ 25 ሩብል ነበር። የእኛ የውጭ ተማሪዎች የወር ድጎማ 90 ሩብል ስለ ነበር፣ አያቲቱ እርሷን ለመግዛት ምን ያህል እንደ ቆጠቡ መገመት አላዳገተኝም።

መጫወቻዋ መሠራት የጀመረችው በ1984 ነው። አሠራሯ ከጃፓኑ ኒንቴንዶ የ1981 የኪስ ጨዋታ የተቀዳ ሲሆን፣ ባለ ታሪኮቹ ግን ከ1969 ጀምሮ ሶቪየቶች ይወዱት ከነበረው «ኑ ፓጋዲ» ከተባለ የካርቱን ፊልም የተወሰዱ ተኩላና ጥንቸል ናቸው። ስሙን ወደ አማርኛ ስንመልሰው «ቆይ ብቻ!» ማለት ነው፤ ጥንቸሉ ባመለጠው ቁጥር ተኩላው የሚዝትበት ቃል። በመጫወቻዋ ገጽ ላይ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች፣ አራት ቆጦች አሉ። በየቆጡ ዶሮ ተቀምጣለች፤ እንቁላሉ በአሸንዳ እየተንከባለለ ይወርዳል። ተኩላው ቅርጫት ይዞ መካከል ይቆማል፤ ተጫዋቹም አራት ቁልፎችን በሁለት አውራ ጣቶቹ እየተጫነ ቅርጫቱን ከአሸንዳ አሸንዳ ያዘዋውራል። የተያዘ እንቁላል አንድ ነጥብ ነው። ሦስት ከተሰበረ ጨዋታው ያበቃል። ጥንቸሉ ከላይ በመስኮት ብቅ ባለ ጊዜ የተሰበረ እንቁላል ግን ግማሽ ጥፋት ብቻ ይቆጠራል፤ 200 እና 500 ነጥብ ላይ ሲደረስም ያለፈው ጥፋት ሁሉ ይሰረዛል። ይህ ምሕረት እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

በዚያው በ1984፣ ኤሌክትሮኒካ የሚለውን ስም በተሸከመ ሌላ መሣሪያ ላይ፣ አሌክሲ ፓዥትኖቭ ሞስኮ ውስጥ ቴትሪስን ፈጠረ። ቴትሪስ በ1989 ከኒንቴንዶ ጌም ቦይ ጋር ዓለምን ዞረ፤ አሜሪካ የተወለዱት ልጆቼም ያውቁታል። ተኩላው ግን እዚያው ቀረ። ስለ ቴትሪስ ሳነሣ የሚያዳምጠኝ ሁሉ የራሱን ትዝታ ያወጣል፤ ስለ ተኩላው ሳነሣ ግን በትሕትና ራሱን ይነቀንቅና ዝም ይላል። ማንም የማይጋራውን ነገር የሚወድ ሰው፣ የወደደውን ነገር ሙሉ ታሪክ የመናገር ኃላፊነት ያለበት ይመስለኛል። እኔ ግን እስከ ዛሬ የምተርከው ግማሹን ብቻ ነበር።

የቀረው ግማሽ እንዲህ ነው። በሶቪየት ልጆች ዘንድ አንድ ወሬ ይነገር ነበር፤ 1000 ነጥብ ያገኘ ሰው በዚያች ትንሽ መስታወት ላይ የካርቱን ፊልም ይታይለታል ይባላል። ልጁም በሙሉ ልቡ ያምነው ነበር። በሰኔ 1989፣ የሌኒንግራድ ሌሊት በማይጨልምበት ወቅት፣ እኔ የአናቶሚ ፈተና እየተዘጋጀሁ አድር ነበር። ልጁ በማግስቱ ለዕረፍት ወደ ገጠር የሚሄድ በመሆኑ መጫወቻዋን ለአንድ ሌሊት ሰጠኝና፣ «ዲያድያ፣ አንተ ጣትህ ፈጣን ነው። ከደረስክ ንገረኝ» አለኝ። ዲያድያ አጎቴ እንደ ማለት ነው።

ጎሕ ሲቀድ 999 ደረስኩ። አንድ እንቁላል ቅርጫቱ ውስጥ ገባ፤ ቁጥሩም ወደ 0 ተመለሰ። ሌላ ነገር አልሆነም። ዶሮዎቹ እንደ ተቀመጡ፣ እንቁላሉ እንደ ወረደ ቀጠለ። መጫወቻዋን ወደ መስኮቱ አጋድሜ ብርሃኑን ሳስነካት፣ ከመስታወቱ ላይ ተኩላዎቹ፣ በየአሸንዳው ያሉት እንቁላሎችም ሁሉ በአንድ ጊዜ ደብዘዝ ብለው ታዩኝ። ምስሎቹ ቀድሞውኑ ቅርጻቸው ወጥቶ ያለቀ ነበር፤ ኤሌክትሪኩ የሚሠራው አንዱን ማሳየትና ሌላውን መሸሸግ ብቻ ነው። እንግዲህ ካርቱን የሚባል ነገር በዚያ መስታወት ላይ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም።

ጠዋት ልጁ ሻንጣው አጠገብ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር። «አየኸው?» አለኝ። ዓይኑን ሳይ እውነቱን መናገር ጭካኔ መሰለኝና፣ «አየሁት» አልኩት። እንዲያውም ተኩላው ጥንቸሉን ሊይዝ ሲል ወንዝ ውስጥ ሲወድቅ አየሁ ብዬ ጨመርኩለት። ልጁ በደስታ ዘለለ። እኔም መልካም እንደ ሠራ ሰው ረክቼ ወደ ፈተናዬ ሄድኩ።

በመስከረም ሲመለስ ፊቱ ሌላ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ተጫውቶ እርሱም 999 ደርሷል፤ አንዴ ብቻም አይደለም። «ላንተ መጣልህ፤ ለእኔ ለምን አይመጣልኝም? ምን አጥፍቼ ነው?» አለኝ። በዚያ ጊዜም እውነቱን ለመናገር በቂ ድፍረት አላገኘሁም። «ምናልባት ባትሪው ደክሞ ይሆናል» ብዬ በውሸት ላይ ውሸት ደረብኩ። በዚያው ክረምት አያቲቱ ሥራውን ተዉ፤ ልጁንም ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ውሸቴ ልጁን ያታለለው አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እኔ ባልዋሸው ኖሮ 999 ላይ ሲደርስ ወሬው ሐሰት መሆኑን በራሱ ዓይን አይቶ፣ እንደ ሌሎቹ ልጆች ስቆ ያልፍ ነበር። ምስክር ሆኜ ስለ ቆምኩበት ግን ጉድለቱን በመጫወቻዋ ላይ ሳይሆን በራሱ ላይ ፈለገ። ሐሰተኛ ተስፋ ሲከሽፍ ሰውየው የሚከስሰው ተስፋውን አይደለም፤ ራሱን ነው።

ይህን በሐኪምነቴ ዳግመኛ ተማርኩት። በተማርኩበት ሀገር የካንሰር ምርመራ ውጤት ለቤተሰብ እንጂ ለታማሚው አለመነገሩ የተለመደ ነበር። አሜሪካም ከዚህ የተለየች አልነበረችም። በ1961 በወጣ አንድ ጥናት ከተጠየቁት ሐኪሞች 90 በመቶው ለታማሚው አለመናገርን እንደሚመርጡ ገልጸው ነበር፤ ተመሳሳይ ጥያቄ በድጋሚ ቀርቦ በ1979 ሲታተም ግን 97 በመቶው መናገርን መረጡ። ከእኛ ማኅበረሰብ የሚመጡ ልጆችም ደጋግመው የሚለምኑኝ፣ «ዶክተር፣ ለአባታችን እንዳትነግርብን» ብለው ነው። ልመናቸው ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ አልንቀውም። መርዶ በስልክ የማይነገርበት፣ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ ማልዶ በር የሚንኳኳበት ባህል ልጅ ነኝና። ነገር ግን መርዶ ጊዜና ሰው ይመርጣል እንጂ ለዘለዓለም አይደበቅም። ያው ወገናችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብሎም ተርቷል።

ከብዙ ዓመታት በፊት እንዲህ ያለውን ልመና ተቀብዬ ዝም ያልኩላቸው አንድ አዛውንት ነበሩ። ሰውነታቸው እየሟሸሸ ሲሄድ አንድ ቀን እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ አንዱን ኪኒን ሁለት ቀን ረስቼ ሳልወስድ ቀርቻለሁ። አልድን ያልኩት በዚያ ይሆን?» አሉኝ። የዚያ ልጅ ድምፅ ነበር የሰማሁት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና በመጀመሪያ፣ «አባቴ፣ ሕመምዎን ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ?» አልኳቸው። «ያለውን» አሉኝ። ነገርኳቸው፤ ጥፋቱ የእርሳቸው አለመሆኑንም ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጆቼ ያውቃሉ?» አሉ። «ያውቃሉ» አልኩ። «እንግዲያው እኔ ማወቄን አትንገራቸው» አሉኝ።

መልሳቸው የእኔን ድምዳሜ ቀላል አላደረገልኝም። እርሳቸውም ለልጆቻቸው ሲሉ ዝምታን መረጡ። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ እርሳቸው የደበቁት የራሳቸውን ነገር ነው፤ እኔ ለልጁም ለእርሳቸውም የደበቅሁት የእነርሱን ነበር። ሰው የራሱን ተስፋ እስከ ፈለገው ድረስ መያዝ መብቱ ነው፤ ሳይጠይቀኝ ሄጄ የማፍረስ ግዴታ አለብኝ አልልም። ሲጠይቀኝ ግን «አየሁት» ማለት አልችልም።

አንባቢ ምናልባት፣ «ታዲያ ያን ሁሉ ሰዓት ለሌለ ካርቱን ማጥፋት ከንቱ አልነበረምን?» ይለኝ ይሆናል። አልነበረም። የጣቶቼ መፍጠን፣ ሕንፃው ሁሉ ተኝቶ ሳለ የእንቁላሉ ጢት ጢት ማለት፣ ጥንቸሉ ብቅ ሲል የሚሰማኝ እፎይታ፣ እነዚህ ሁሉ እውነት ነበሩ። ካርቱኑ አለመኖሩ አንዱንም አልሻረውም። ይህን ያኔ ተረድቼው ቢሆን ኖሮ መዋሸት ባላስፈለገኝ፤ ለልጁ የምሰጠው እውነተኛ ነገር በእጄ ነበርና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ አንዲት ኢኤም-02 አግኝቼ ገዛሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጣለች፤ አልፎ አልፎ ወደ መስኮቱ አጋድማትና ተኩላዎቹን አያለሁ። ያ ልጅ ዛሬ በአርባዎቹ መጨረሻ ላይ ይገኛል። ሳልፈልገው ቢመጣ የምለውን አዘጋጅቻለሁ፦ ዋሽቼህ ነበር፤ ምንም አላጠፋህም፤ 999 ላይ ወደ 0 ይመለሳል፣ እንቁላሉ ግን መውረዱን አያቆምም። እንካ፣ ተራው ያንተ ነው።